ተሳቢው ሰው አይጭንም

አድማሴ ወታደር የሆነው ሆዱን ለመሙላት ነው። ይህን ሲናገር አያፍርም ነበር። በስልሳ አምስቱ ድርቅ እናቱን ይዞ ከከላላ ወደ ደሴ ሲሰደድ መንገድ ላይ ሞተችበት፤ እሱና አንድ የማያውቀው መንገደኛ ሆነው ቀበሯት። ደሴ ሲደርስ አንድ ሹም በረንዳ ላይ ቆሞ «ረሃብ የሚባል ነገር የለም፤ ወደየቀያችሁ ተመለሱ» ሲል ሰማ። ሰውየው ሸሚዙን በወጉ ተኩሶ ለብሶ፣ ፊቱን ተላጭቶ ነበር። አድማሴ ያን ፊት ዕድሜ ልኩን አልረሳውም።

በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳ፤ ሹሙም፣ የሹሙም ጌታ ወረዱ። መሬት ላራሹ ሆነ ሲባል አድማሴ እልል ካሉት አንዱ ነው። ጦሩ ሲመለምል ስሙን ሰጠ። ኦጋዴን ድረስ ሄዶ ተዋጋ፤ እዚያው የመኪና ጥገና ለመደ። ጉልበቱን ተመትቶ ከዳነ በኋላ ግን ለግንባር አትሆንም ተባለና መካነ ሰላም ወዳለችው ትንሽ ካምፕ ላኩት። አስር አለቃ ሆኖ፣ ትንሽ እያነከሰ፣ ከተወለደበት አገር ደጃፍ ተመልሶ መጣ።

ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሲገባ ረሃቡም አብሮ ገባ። ክረምቱ ሳይዘንብ አለፈ። ከከላላም ከማሻም ሰው በእግሩ፣ የቻለ ታማሚውን በቃሬዛ ተሸክሞ፣ መካነ ሰላም አፋፍ ላይ ባለው ሜዳ ሰፈረ። የእርዳታ ስንዴ መጥቷል ይባላል፤ መምጣቱ እውነት ነው፣ ግን ረጃጅሞቹ መኪኖች አቀስታ ላይ ይቆማሉ። ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ጠመዝማዛና ጎርፍ የበላው ስለሆነ አይወጡትም። ያን መንገድ የሚደፍረው ኡራል የሚሉት የካምፑ የጦር ጭነት መኪና ብቻ ነበር። ኡራሉም አንድ ነው። እሱ ያመጣው ስንዴ ሜዳው ላይ ለተኛው ሰው በአንድ ቀን ያልቃል፤ ተመልሶ እስኪመጣ ሰው ይሞታል።

ዘይነባ የምትባል ሴት ሜዳው ላይ በተተከለው መጠለያ ውስጥ አጥሚት ታማስል ነበር። ከከላላ በላይ ካለ መንደር ሁለት ልጆቿን ይዛ የመጣች ናት። ባሏ የታመመች እናቱን ጥሎ መምጣት ስላልሆነለት እዚያው ቀርቷል። አንድ ቀን ኡራሉ ስንዴውን ካራገፈ በኋላ አድማሴ ጎማውን ሲያይ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ነገ ትመጣላችሁ?»

«ከነገ ወዲያ። መኪናው አንድ ነው እኮ እታለም።»

«አንድ ከሆነ ሁለት አድርጉታ!» አለችው። «ወላሂ፣ ለጦርነት ሲሆን ከየት ነው እንዲያ ተግተልትሎ የሚመጣው? እዚያ መታጠፊያው ላይ እንኳ ስንት ብረት ነው ወድቆ ያለ!»

ተቆጥታ ሄደች። አድማሴ ግን ከጎማው ሥር ሳይነሣ ቆየ።

የተናገረችው እውነት ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ መንገዱ በገደሉ አፋፍ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ባለፈው ዓመት ታጣቂዎች የመቱት የጦር ኮንቮይ ቅሪት ወድቋል። አንደኛው፣ ዚል የሚሉት የጭነት መኪና፣ ፊቱ እስከ ካቢናው ተቃጥሏል። ሌላው መኪና ተገልብጦ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቷል። ከኋላ ያለው ነገራቸው ግን ብዙም አልተነካም። አድማሴ በማግስቱ ሻምበል ውበቱ ፊት ቀረበ።

ሻምበሉ የካምፑ አዛዥ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ከበላይ የሚመጣ ሬዲዮ ሲጮህ ከወንበሩ ይነሣል።

«ተሳቢ?» አለ። «ከምን ልትሠራ?»

«ከተቃጠሉት መኪኖች፣ ጓድ ሻምበል። የኋላ እግራቸውን ወስደን፣ የአንዱን ሻንሲ አሳጥረን፣ ከላዩ ሳንቃ እንመታለን። ኡራሉ ይጎትተዋል።»

«የመንግሥት ንብረት ነው፤ ሳይፈቀድ አይነካም።»

«የመንግሥት ንብረትማ ዝጎ አለቀ። ይፍቀዱልኝ። ከከሸፈ እኔ አበላሸሁት ይበሉ።»

ሻምበሉ አልፈቀደም። አልከለከለምም። ለአድማሴ ይህ በቂ ነበር።

የኡራሉ ሹፌር ወታደር ቸኮል ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ሳቂታ ልጅ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ግን ሳቁ ጠፋ። ዚሉን ይነዳ የነበረው ጓደኛው ነበር። ካቢናው ውስጥ አንድ የተቃጠለ የወታደር ጫማ ተጣብቆ ቀርቷል።

«እኔ ይቺን መኪና አልነካም» አለ ቸኮል።

አድማሴ አላስገደደውም። ጋቢውን አንጥፎ ከመኪናው ሥር ገባና የኋላ እግሩን የያዘውን የባሌስትራ ቡሎን መታገል ጀመረ። ዝገቱ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ሲታገል ሲታገል ቁልፉ አመለጠውና ጣቱን ላጠው። ያኔ ቸኮል ጎንበስ ብሎ ቁልፉን ከእጁ ወሰደ።

«ተነሥ፤ አንተ አታውቅበትም» አለ። «ጓደኛዬ እያለ ቢሆን ይሄን ቡሎን በአንድ እጁ ነበር የሚፈታው።» እያለቀሰ ፈታው።

ሌሎቹም ወታደሮች አንድ ሁለት እያሉ መጡ። ሻንሲውን በመጋዝ ቆረጡ፤ መጋዙ ሲበላ በመሮና በመዶሻ ቀጠሉ። የጥይት ሣጥን እየፈረሰ ሳንቃ ሆነ። ጥይት የበሳቸውን ጎማዎች ካላማዳሪ እየለጠፉ ነፉ። አስቸጋሪው አንድ ነገር ነበር፤ ከኡራሉ መንጠቆ ጋር የሚያያዘው የፊት ቀለበት። ጭነቱን ሁሉ የሚይዘው እሱ ነው። ብየዳ የለም። የሚያዋጣው ብረት አግሎ የሚቀጠቅጥ ሰው ብቻ ነው፤ ያም ሰው ምናለ ነበር።

ምናለ ከከተማው ዳር፣ ከሰው ቤት ተነጥሎ፣ ከሚስቱ ከአልታዬ ጋር የሚኖር ቀጥቃጭ ነው። የአገሩ ሰው ማረሻውን ያሠራዋል፣ ማጭዱን ያሠራዋል፤ ከዚያ ቡዳ ነው እያለ ፊቱን ያዞርበታል። ከሱ ጋር አይበላም፤ ልጅ በደጁ አያሳልፍም። አድማሴ የተሰበረ የመኪና ዘንግ በትከሻው ይዞ ደጁ ሲደርስ ምናለ ወናፉን አቁሞ ቀና አለ።

«ወታደር እኔ ደጅ የሚመጣው ሊሰድበኝ ነው» አለ።

«እኔ ሥራ ይዤ ነው የመጣሁት፣ አያ ምናለ» አለና ነገሩን አስረዳው። ምናለ ዘንጉን እያገላበጠ አየ፤ በጥፍሩ መታ መታ አደረገው።

«እሠራዋለሁ። ግን እዚህ ተደብቄ አልሠራም። ወናፌን ካምፑ መሐል፣ ሰው ሁሉ እያየ እተክላለሁ። ምሳም ከናንተ ጋር ከአንድ ትሪ እበላለሁ። የማይፈልግ ካለ ስንዴውን በጥርሱ ይጎትት።»

አድማሴ ሳቀ። «እኔ በስተቀኝህ እቀመጣለሁ» አለው።

እንደተባለውም ሆነ። መጀመሪያ ቀን ከትሪው የሸሹ ነበሩ፤ ምናለ ቀና ብሎም አላያቸው። ሁለተኛው ቀን ራባቸውና ተጠጉ። ቀለበቱ ሲጠናቀቅ እንደ ሰው ክንድ የወፈረ፣ እንከን የሌለው ብረት ነበር። በትልልቅ ቡሎን ወደ ፊት ከተዘረጋው የተሳቢው ምላስ ጋር አሰሩት።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ተሳቢው መንገድ ወጣ። ፍሬን ስላልነበረው ቁልቁለት ላይ ሁለት ወታደሮች ግንድ ይዘው ከኋላው ይሮጣሉ፤ ሲፈጥን ጎማው ሥር ይወረውራሉ። ከአቀስታ ሲመለስ ሁለቱም በስንዴ ተሞልተው፣ ኡራሉ እየጓራ፣ ተሳቢው ከኋላው እየተንቋቋ ወደ ሜዳው ሲገቡ የተኛው ሰው ተነሣ። እልልታ ለማሰማት የሞከሩ ሴቶች ነበሩ፤ ጉልበት አጥሯቸው መሐል ላይ ተቋረጠ። ዘይነባ ወደ ተሳቢው ሄዳ ሳንቃውን በመዳፏ ዳበሰችው።

«አላህ ዕድሜህን ያርዝመው» አለችው አድማሴን። «እኔ እኮ ተናድጄ ነው የተናገርሁት።»

«ብትናደጂ ነው የተሠራው» አላት።

ኅዳርንና ታኅሣሥን በዚያ ተሳቢ ስንዴ ተጓጓዘ። መሞት አልቆመም፤ ግን የመቃብር ቆፋሪዎቹ ከሰዓት በኋላ ማረፍ ጀመሩ። አድማሴ ከጦር ቤት ባሳለፈው ዕድሜ ሁሉ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎት አያውቅም።

ጥር ላይ አንድ ካድሬ ከደሴ መጣ። ከሻምበሉ ጋር ቢሮ ዘግተው ሲነጋገሩ ቆዩና አድማሴና ቸኮል ተጠሩ። ትእዛዙ አጭር ነው። ነገ ጠዋት ስንዴ ይታደላል ተብሎ በመጠለያው ይለፈፋል። ሰው ሲሰበሰብ ግን ጤናው የተሻለው እየተለየ በኡራሉና በተሳቢው ይጫናል። መጀመሪያ ደሴ፣ ከዚያ መንግሥት የተራበውን ወደሚያሰፍርበት ሩቅ አገር፣ አሶሳ።

«ልጅና እናት ቢለያዩስ?» አለ አድማሴ።

«አገሩ ለም ነው» አለ ካድሬው። «እዚህ ቆይተው ከሚያልቁ ይሻላቸዋል። ኋላ ይገናኛሉ።»

«ለም ከሆነ ለምን እውነቱን ነግረን የሚሄደውን አንወስድም?»

ካድሬው ሻምበሉን አየ። ሻምበሉ መሬት መሬት እያየ «ትእዛዝ ነው፣ አስር አለቃ። የተሳቢውን የጎን ሳንቃ ከፍ አድርግና ሸራ አልብሰው» አለ።

አድማሴ ወጣ። ደሴ በረንዳ ላይ የቆመው ሹም ትዝ አለው። ያ ሰው ረሃብ የለም ብሎ ዋሸ፤ እነዚህ ደግሞ ስንዴ አለ ብለው ሊዋሹ ነው። የሚዋሸው በማን ተሳቢ ነው? እጁን የላጠው ቡሎን፣ ቸኮል ያለቀሰበት ብረት፣ ምናለ ሰው ፊት ቆሞ የቀጠቀጠው ቀለበት ነው።

ጠዋት ሜዳው ላይ ሰው ተሰብስቧል። ከረጢቱን፣ ቅሉን፣ ጣሳውን ይዞ ነው የመጣው። ኡራሉ ከነተሳቢው ቆሟል። ካድሬው መናገር ሲጀምር አድማሴ ትልቁን ቁልፍ ይዞ ከተሳቢው ፊት ተንበረከከና የቀለበቱን ቡሎን መፍታት ጀመረ። መጀመሪያ የሚጠግን ስለመሰላቸው ማንም ምንም አላለውም። ቀለበቱ ተፈታ። በትከሻው ተሸከመው፤ እያነከሰ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄደ።

«አስር አለቃ!» ሻምበሉ ጮኸ። «ወዴት ነው?»

አድማሴ አፋፉ ላይ ሲደርስ ዞረ። ድምፁን ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ከፍ አደረገው።

«ይሄ ተሳቢ የተሠራው እህል ሊጭን ነው። ሰው አይጭንም! እናንተም ስሙ፤ ዛሬ የሚታደል ስንዴ የለም። ወደ አሶሳ ሊጭኗችሁ ነው። መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፤ የማይፈልግ አሁኑኑ ይነሣ!»

ቀለበቱን ወረወረው። ብረቱ ዐለት እየመታ ወረደ፤ ድምፁ ለረጅም ጊዜ ተሰማ።

ሻምበሉ ሽጉጡን አውጥቶ መጣ። አድማሴ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ሁለቱ ተያዩ። «ምን አደረግኸኝ፣ አንተ ሰው!» አለ ሻምበሉ፤ ከቁጣ ይልቅ ልመና ይመስላል። አልተኮሰም። ከኋላቸው ሜዳው ተተረማመሰ። የቻለ ሁሉ ተነሥቶ ይሄዳል። ዘይነባ አንዱን ልጅ አዝላ፣ ሌላውን በእጇ እየጎተተች በአጠገቡ ስታልፍ «አብሽር፣ ወንድሜ፣ አብሽር!» አለችው፤ ወደ ከላላ የሚወስደውን ቁልቁለት ያዘች።

አድማሴን እጁን አስረው በዚያው ቀን ደሴ ወሰዱት። ማዕረጉ ተገፈፈ። እስር ቤት ውስጥ መርማሪው «ማን ላከህ? የማን ወኪል ነህ?» እያለ ሲገርፈው መልሱ አንድ ብቻ ነበር፤ «ማንም አልላከኝም፤ ቁልፉም የራሴ ነው።» ኋላ ላይ ጦርነቱ ሰው ሲያጥረው እስረኛ ሁሉ ወደ ግንባር ሲላክ እሱንም እያነከሰ ላኩት። የመኪና ጥገና ክፍል ውስጥ ገባ። ከታሰረ ስድስት ዓመት ሲያልፈው መንግሥት ወደቀ፤ ጦሩ ተበተነ። አድማሴ መሣሪያውን አስረክቦ፣ አንድ ብርድ ልብስ ደርቦ፣ በእግሩም በመኪናም ከላላ ገባ።

በገበያ ቀን ዘይነባን አገኛት። ወፍራ፣ ጠጉሯ ሸብቶ፣ በርበሬ ዘርግታ ትሸጣለች። መጀመሪያ አላወቀችውም። ስታውቀው ተነሥታ እጁን ይዛ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችውም። ባሏ በሕይወት ጠብቋታል፤ ሁለቱም ልጆቿ አድገዋል፤ አማቷ ግን አርፋለች። ጠግባ ከሳቀች በኋላ ፊቷ ተለወጠ።

«ቀጥቃጩን ሰማህ?»

«ምናለን? ምን ሆነ?»

«አንተን በወሰዱህ ማግስት እሱ ዘንድ ሄዱ አሉ። ሌላ ቀለበት ሥራ አሉት። በሰንሰለት እንዳይጎትቱት ቁልቁለቱ ላይ ተሳቢው መኪናውን ይገፋዋል ብሎ ሹፌሩ እምቢ አለ። ያለ ምናለ ደግሞ አይሆንም። እሱ ምን አለ መሰለህ? ወናፉን ፊታቸው በቢላ ተረተረው። ‹አንዴ ሠርቼ ነበር፤ ከእንግዲህ ቀጥቃጭ አይደለሁም› አላቸው። እሱንም ሚስቱንም በኡራሉ ጭነው ወደ አሶሳ ወሰዷቸው። ከዚያ በኋላ የሰማ የለም።»

ተሳቢው ባለበት ቀረ። ኡራሉ ብቻውን ግን ሳይሸሹ የተገኙትን ጭኖ ሄዷል፤ ከነዚህም መሐል እናታቸው የጠፋባቸው ልጆች ነበሩ። ዘይነባ ይህንንም ሳትደብቅ ነገረችው። አድማሴ ገበያው መሐል ቁጭ አለ። እሱ ምናለን ካምፑ ባያስገባው ኖሮ ያ ሰው ዛሬ ጎጆው ውስጥ ይሆን ነበር። ወዲያው ደግሞ ጎጆው ትዝ አለው፤ ከሰው ተነጥሎ፣ ልጅ በደጁ ሳያልፍ።

«ሄጄ አመጣዋለሁ» አለ።

«ሞቶስ ቢሆን?»

«ቢሞትም አጥንቱ የት እንደሆነ ላውቅ።»

የወቅቱን አዝመራ ለጎረቤት አጭዶ ስንቅ ያዘና ተነሣ። በአዲስ አበባ፣ በነቀምቴ አድርጎ በአቧራ ተለውሶ አሶሳ ደረሰ። የሰፈራው መንደሮች ስም የላቸውም፤ በቁጥር ነው የሚጠሩት። ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ «ከመካነ ሰላም የመጣ ቀጥቃጭ» እያለ ጠየቀ። ብዙ ሰው ተመልሶ ስለሄደ ግማሹ ቤት ባዶ ነው። በመጨረሻ አንዲት ሴት «ጋሼ ምናለን ነው?» አለችው። «ጋሼ» ስትል ሰምቶ ቆም አለ።

ምናለ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ወናፍ ተክሎ ይሠራል። ጀርባው ጎብጧል። ዙሪያውን ማረሻና ዶማ የሚያሠሩ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ የአገሩም ተወላጆች፣ ሰፋሪዎችም። አንዱ ቦርዴ የሚሉትን የእህል መጠጥ በቅል ቀድቶ ሰጠው፤ ምናለ ጠጣና ቅሉን መለሰለት፤ ሰውየውም ከዚያው ቅል ጠጣ። አድማሴ ይህን አይቶ ተጠጋ።

«አያ ምናለ!»

ሽማግሌው መዶሻውን ጣለ። ተቃቅፈው ተላቀሱ። ምሳ ከበሉ በኋላ አድማሴ ወደ ነገሩ ገባ።

«ልወስድህ ነው የመጣሁ። ዘመኑ ተለውጧል፤ የሚከለክለን የለም። ዕቃህን አዘጋጅ።»

ምናለ ተነሣና ከመንደሩ ዳር ወዳለ ቁጥቋጦ ወሰደው። ድንጋይ የተከመረበት መቃብር አሳየው።

«አልታዬ ናት። በመጣን በዓመቱ ወባ ወሰዳት። እየረገመቻቸው ነው የሞተች፤ እኔም እረግማቸዋለሁ። እንደ ከብት ነው የጫኑን።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ግን እዚህ ሁላችንም የተጣልን ነን። ማንም ማንንም ቡዳ ለማለት ጊዜ አላገኘም። ልጆች ደጄ ይጫወታሉ። ሰው ሲጣላ እኔ ነኝ የምዳኝ። አሁን ተመልሼ፣ ሚስቴን ጥዬ፣ ያ ሰው ሁሉ ፊቱን ሲያዞርብኝ ልይ?»

«እኔ አለሁ! በስተቀኝህ እቀመጣለሁ አላልሁህም?»

«አንተ አንድ ነህ።»

አድማሴ ተናደደ። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣው ለዚህ አልነበረም። «እነሱ በግድ ባመጡህ ቦታ በፈቃድህ ልትቀር ነው? ያሸነፉህ አይመስልህም?»

ምናለም ተቆጣ። «አንተ ተሳቢው አይሄድም ስትል ጀግና፣ እኔ አልሄድም ስል ሞኝ? ሲጭኑኝ ማንም አልጠየቀኝም። አንተም ሳትጠይቀኝ ነው ዕቃህን አዘጋጅ የምትለኝ!»

ተኳርፈው አደሩ። በማግስቱ ጠዋት ምናለ ብረቱን ከእሳት ሲያወጣ አድማሴ ሳይጠየቅ ትልቁን መዶሻ አንሥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ። እሱ ሲመታ ምናለ በጉጠት እያገላበጠ፣ አንድ ማረሻ ሠሩ። ከዚያ ሌላ ደገሙ። አድማሴ ዝናቡ ሊገባ እስኪል ድረስ እዚያው ሰነበተ፤ የአልታዬንም መቃብር አብረው በድንጋይ ካቡት።

ሲሸኘው ምናለ አውቶቡሱ መስኮት ድረስ መጣ።

«ስለኔ ሲጠይቁህ ምን ልትላቸው ነው?»

«አመጣዋለሁ ብዬ ነበር፤ አፍራለሁ» አለ አድማሴ።

«አትፈር። ‹ጠየቅሁት፤ አልመጣም አለ› በላቸው።»

ከላላ ሲገባ ዘይነባ ብቻውን አይታው ደረቷን ያዘች። አድማሴ ገበያው መሐል፣ ከመካነ ሰላም ለገበያ የመጡ፣ ቀጥቃጩን ሲሸሹት የነበሩ ሰዎች እየሰሙ፣ ድምፁን ሳይቀንስ እንደተባለው ነገራት።